በስኳር ያስታመሙኝ ሰዎች

ስለ ሕመሜ ከመናገሬ በፊት ማን እንደሆንሁ ላስታውቅ። ብሩ ወልደየስ እባላለሁ። ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ቡና ባለበት አገር ሁሉ የምታወቀው ግን «ብሩ ሞተር» በሚለው ስም ነው። የጀንፈል መፈልፈያ መኪና ሲበላሽባቸው ነጋዴዎች በቅሎ ይልኩልኝ ነበር። ደርሼ እንደ ሌላው መካኒክ ካቻቢቴ አላወጣም። መኪናው አጠገብ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፁን አዳምጣለሁ። «ኩሽኔታው አልቋል» እላለሁ፤ ወይም «ቺንጋው ላልቷል»። ሲፈቱት ያልኩት ይገኛል። ብሩ ተሳስቶ ነበር የሚል ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከቡና ጆንያ ላይ ነው። የጌታዬ ስም በጥቁር ቀለም በትልልቁ ይጻፍበት ነበር፤ ስሙን አውቀዋለሁና ከስሙ ተነሥቼ ፊደሉን ፈታሁት። የመሠረተ ትምህርት ጊዜ ልጆቹ ሊያስተምሩኝ መጥተው ሲያዩኝ፣ ጠመኔውን ሰጡኝና እኔ አስተማሪ ሆንሁ። ኦሮምኛን እንደ አፍ መፍቻዬ እናገራለሁ። ጣልያንኛም መኪና ለመሳደብ የሚበቃኝን ያህል አውቃለሁ።

ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። የብረትን ሕመም በጆሮው የሚያውቅ ሰው፣ የገዛ ሰውነቱ ዓመት ሙሉ ሲጮህበት ሳይሰማ መቅረቱን አንባቢ እንዲያስብበት ነው። ብሩን ያታለለ በሽታ ሌላውንም አይምርምና።

ሚስቴ ስትሞት፣ ወንዱ ልጄም ወደ ሰሜን ዘምቶ ድምፁ ሲጠፋ፣ ጅማ ወደሚገኘው የአረጋውያን መጦሪያ ገባሁ። ቤቱ በአዋጅ የተወረሰ ነው። የቀድሞ ጌታዬ የነበረው የቡና ነጋዴ ቤት መሆኑን ስነግራቸው መጀመሪያ ማንም አላመነኝም። በደጉ ዘመን በጓሮ በር ገብቼ፣ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ ደመወዜን የምጠብቅበት ቤት ነበር። በስተርጅና አልጋዬ ሳሎኑ ውስጥ ተዘረጋ፤ ያውም በመስኮቱ በኩል።

የቤቱን ኑሮ ትንሽ ላስረዳ፤ ያለ እርሱ ነገሬ አይገባምና። የምንበላው በአንድ ሰፊ ትሪ ነበር። ሥጋ ሲኖር የክርስቲያኑና የእስላሙ ትሪ ይለያል፤ ሽሮ ሲሆን ሁላችንም አንድ ትሪ ላይ እንቀመጣለን። ሥጋ ደግሞ የሚመጣው አንድ ደግ ሰው ሲያስታውሰን ነውና፣ ድህነታችን አንድ ትሪ ላይ አስቀምጦን ኖረ። ስኳር ግን የየራስ ነበር። ከቀበሌው ሱቅ በራሽን የሚመጣው ስኳር ወጥ ቤት ሲቀመጥ በየቀኑ ጠብ ሆነ። «የእገሌ ሻይ ይጣፍጣል፣ የእኔ አይጣፍጥም» ይባባላል፤ ሽማግሌ ደግሞ በስኳር ሲጣላ ከሕፃን ይብሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዳችን በጣሳ ተሰፍሮ ይሰጠናል፤ ጣሳውን አልጋችን ሥር እናስቀምጣለን። በዚያ ቤት ውስጥ ሰው የእኔ የሚለው ንብረት ቢኖር ያ ጣሳ ነው።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው አልጋ የአባ ዲጋ ነበር። አባ ዲጋ የጅማ ተወላጅ፣ በወጣትነቱ በቅሎ ጭኖ እስከ ከፋ የነገደ ሲራራ፣ በኋላ ዓይኑ የፈዘዘበት ሽማግሌ ነው። «ያ ጃርሳ!» ይለኛል፤ አንተ ሽማግሌ ማለቱ ነው። እርሱ ግን በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። የምታስተዳድረን ሲስተር ዘነበች ከወሎ የመጣች ጤና ረዳት ናት። የምታበስልልን ደግሞ ፋጤ፣ የከተማው ሰው፣ ምላሷ የበርበሬ፣ እጇ የማር።

ሕመሙ የጀመረኝ በጥም ነው። የጠጣሁት ውኃ ጉሮሮዬን አልፎ የት እንደሚገባ አላውቅም፤ ወዲያው ደግሞ ሽንቴ ይመጣል። እየበላሁ እከሳለሁ። ቀበቶዬን በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጀሁለት፤ ቆይቶ ሌላ። ዓይኔ ጋዜጣ ሲያነብ ፊደሉን እንደ ጭስ ያየው ጀመር። መነጽር ሊሆን ነው ብዬ ዝም አልሁ።

አንድ መድኃኒት ሻጭ ዘንድ ሄድሁ። ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ «አባባ፣ ሴት ጋ ሄደዋል እንዴ?» አለኝ። የሽንት ቧንቧ ሕመም ነው አለና መርፌ አስወጋኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። አባ ዲጋ አልጋው ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«በዚህ ዕድሜህ ጨብጥ? ማሻአላህ!» አለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እኛ ሽንት ቤት መድረስ አቅቶን፣ ሞተሩ ገና ይሠራል ለካ!»

«ዝም በል፤ ጨብጥ አይደለም።»

«ኧረ አትደብቀን። ስሟን ብቻ ንገረን፤ ሽማግሌ እንላክ።»

ፋጤ ሳቋን ለመደበቅ ወጥ ቤት ሮጠች። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ዓመት ከሆዴ የሳቅሁት ያን ቀን ይመስለኛል።

መርፌው ምንም አልፈየደኝም። ሌሊት ሌሊት ወደ ውጭ መመላለሱ ስላቃተኝ አልጋዬ ሥር የሽንት ጣሳ አኖርሁ። ያኔ ጉንዳን መጣ። ከበሩ ሥር ተነሥቶ፣ ሌላውን አልጋና የተከደነውን የስኳር ጣሳ ሁሉ አልፎ፣ ጠላቱን እንደሚያውቅ ጦር በቀጥታ ወደ እኔ የሽንት ጣሳ ይሰለፋል። አመድ ነሰነስሁበት፤ ዞሮ መጣ። ብሩ በጉንዳን አይሸነፍም! ጣሳዬን ውኃና ላምባ ባለበት ሳህን መካከል አቆምሁት፤ የአልጋዬን እግሮችም እንዲሁ። በነጋታው አንድም ጉንዳን አልነበረም። ሲስተር ዘነበች አይታ ተደነቀች፤ የዱቄቱን በርሜልም እንዲሁ አድርግልን አለችኝና ሠራሁላት። ጉንዳኑ ሊነግረኝ የመጣውን ነገር ግን እኔው በላምባ ዘጋሁበት። ይህን የምታነብ ሰው፣ ጉንዳን ሽንትህን ከወደደ ሳህን አትፈልግ፤ ሐኪም ፈልግ።

ከዚያ ድካሙ ጸናብኝ። ከአልጋዬ ተነሥቼ ትሪው ዘንድ ለመድረስ ግድግዳ የምይዝ ሆንሁ። የቤቱ ሰው ተጨነቀ። «ደሙ አልቋል» አለ አንዱ። «አቅም ነው የሚያንሰው፤ ጣፋጭ ነገር ነው የሚያበረታው» አለ ሌላው። አንድ ጠዋት ስነቃ አልጋዬ ሥር ያለው የስኳር ጣሳዬ ሞልቶ ከላዩ ተከምሮበታል። ማን እንደጨመረበት ስጠይቅ ሁሉም ጣራ ጣራ ያያል። በኋላ ነው ፋጤ የነገረችኝ፤ አባ ዲጋ ከአልጋ አልጋ እየዳበሰ ዞሮ፣ «ለሞተሩ ነዳጅ አምጡ» እያለ ሰብስቦ ነው። የራሱን ጣሳ ሙሉውን ገልብጦ፣ ሌላው ግማሽ፣ ሌላው እፍኝ። በስኳር ሲጣላ የኖረ ሰው ሁሉ ስኳሩን ሰጠኝ።

ፋጤ ጠዋትና ማታ ሻይ ታፈላልኝና ማንኪያው ቆሞ እስኪቀር ድረስ ስኳር ታደርግበታለች። «አባባ ብሩ፣ ይጨርሱት። አንድ ጠብታ ቢቀር እቀየምዎታለሁ» ትለኛለች ከራሴ በላይ ቆማ። እጨርሰዋለሁ። ደግሞ እጠማለሁ። ደግሞ ታፈላልኛለች። ራሽን በመጣ ቁጥር ጣሳዬ ይሞላል። እንዲህ ያለ ፍቅር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፤ ወደ መቃብር እየሸኘኝ መሆኑን ደግሞ ማንም አላወቀም።

ሰኔ ሲገባ ረመዳንም ገባ። ዝናቡ በርትቶ ስለነበር ማታ ማታ የከሰል ምድጃውን ከብበን እንቀመጣለን። አንድ ማታ ፋጤ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ፣ «ምንድን ነው የሚያርረው? ወጥ የለኝም እሳት ላይ» አለች። እኔም፣ «ፀጉር ያረረ ይመስላል» አልሁ። ያረረው የእኔ እግር ነበር። ግራ እግሬ ምድጃውን ተደግፎ፣ የጣቶቼ ቆዳ ተኮማትሮ፣ እኔ ምንም አልተሰማኝም። ሲስተር ዘነበች እግሬን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ስታጥበው ፊቷን አየሁት። ቁስል አይታ የምትደነግጥ ሴት አልነበረችም፤ ያን ጊዜ ግን የደነገጠችው በቁስሉ አይደለም፤ ሕመም አለመስማቴ ነው ያስደነገጣት።

ሴቷ ልጄ ትርንጎ ከጅማ ወጣ ብላ በምትገኘው በደዶ ከተማ አግብታ ትኖራለች። መቁሰሌን ሰምታ መኪና ላይ አሳፍሩልኝ ብላ ላከች። እዚያ ጡረታ የወጣ፣ በቤቱ የሚያክም አንድ ድሬሰር ነበር። መፍቻዎቼንና ፒንሳዬን የሸጥሁት ለዚህ መንገድ ነው። ዕድሜ ልኬን ሌላ ሰው እንዳይነካቸው የከለከልኋቸው ዕቃዎች ነበሩ። ድሬሰሩ ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ሁሉ ፊት መርፌ አንሥቶ እግሬን ወጋ ወጋ አደረገና፣ «ይሰማዎታል?» አለኝ። አይሰማኝም አልሁ። እጁን ወዲያው በሳሙና ታጠበ።

«ሥጋ ደዌ ነው» አለ፤ ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም።

አግዳሚው ላይ አጠገቤ የነበረች ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች። የትርንጎ ባል እኔን ሳያይ፣ ለእርሷ፣ «ልጆች አሉን» አላት። ያን ሌሊት የተኛሁት በረንዳ ላይ ነው። ትርንጎ ሰው ሁሉ ሲተኛ ብርድ ልብስ ይዛ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠች፤ አልነካችኝም፣ አልሄደችምም። ሲነጋ ስንቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። አልፈረድሁባትም። ባሏ ላይ ግን ፈርጄ ነበር።

ጅማ ስመለስ ወሬው አሁንም ቀድሞኝ ነበር። ትሪው ዙሪያ ሰዎቹ ቦታዬን ሳይሰጡኝ ጠጋ ጠጋ ብለው ተቀምጠዋል። ሲስተር ዘነበች ወደ በረንዳ ወሰደችኝና የቆርቆሮ ሳህን ሰጠችኝ። «አባባ ብሩ፣ እስኪጣራ ድረስ ነው። ደንብ ሆኖብኝ ነው» አለች። እያለቀሰች ስለነበር እኔ አጽናናኋት። ለሕመም የሰጠሁት እንባ የለም፤ ለዚያ ሳህን ግን ሰጥቻለሁ። ሰው ብቻውን የሚበላው እንጀራ ምን ያህል እንደሚያንቅ ያላየ አያውቀውም።

በመግሪብ አዛን ተባለ። አባ ዲጋ ውኃውን ተጎንጭቶ ጾሙን ፈታና፣ ግድግዳ እየዳበሰ፣ ዱላውን እያንኳኳ ወደ በረንዳው መጣ።

«ያ ጃርሳ፣ የት ነህ?»

«እዚህ ነኝ። አትጠጋኝ፤ ሥጋ ደዌ ነው ብለውኛል።»

«አላየሁም» አለ። «እኔ ዓይን የለኝም። ያላየሁትን አልፈራም።» ቁጭ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ሳህኔን ፈልጎ አገኘ፤ ጎርሶም አጎረሰኝ። ጉርሻው አፍንጫዬ ላይ አረፈ።

«አፌ ወደዚህ ነው፣ አንተ ዕውር!»

«አፍህ የት እንዳለማ ጅማ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲፎክር ይሰማላ!»

ፋጤ ሻይ አመጣችልን። የእኔ ጣፋጭ፤ የእርሱ መራራ። ቀኑን ሙሉ የጾመ ሽማግሌ በመራራ ሻይ ሲያፈጥር አየሁና፣ «ከእኔ ጨምርበት» አልሁት። «ማል ጎና፣» አለ፤ ምን እናድርግ ማለት ነው፣ «አንተ ካልዳንህ ከማን ጋር ልጣላ? ጠጣ።» ጠጣሁት።

ከዚያ እግሬ ሸተተ። ትኩሳት ያዘኝ፣ መቃዠት ጀመርሁ። ሲስተር ዘነበች ጋሪ አስጠርታ ወደ ሆስፒታል ወሰደችኝ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተቀመጥነው ገና ሳይነጋ ነው። አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ፣ አንድ የቡና ገበሬ ከዛፍ ወድቆ ክንዱን አንጠልጥሎ፣ ሁሉም ዝም ብሎ በሩን ያያል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁላችንም እንነሣለን፤ አንዱ ይገባል፤ እኛ እንቀመጣለን። ያቺ እናት እግሬ እንደሸተታት አውቃለሁ። ሆኖም አልተነሣችም፤ የልጇን መጠቅለያ ጫፍ ለእግሬ መደገፊያ አደረገችልኝ። ስሟን አልጠየቅሁም።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ። እግሬን አይቶ ሳያገላብጥ፣ «ውኃ ይጠማዎታል?» አለኝ።

«ይጠማኛል።»

«ሽንትዎ ይበዛል? ይከሳሉ?»

«እንዴት አወቅህ?»

«ሲሸኑ ጉንዳን ይሰበሰባል?»

ቀና ብዬ ተቀመጥሁ። «ይሰበሰብ ነበር። አሸንፌዋለሁ» አልሁና የላምባውን ዘዴ አስረዳሁት። ሐኪሙ እስክጨርስ አዳመጠኝ። «አባቴ፣ ጉንዳኑ እኮ ከሁላችንም ቀድሞ መርምሮዎት ነበር» አለ።

ምርመራውን ካላየሁ አላምንም ብዬ ድርቅ አልሁ። ላቦራቶሪ ይዘውኝ ገቡ። ብልቃጥ ውስጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ነበር፤ ሽንቴን ጠብ ጠብ አድርገው በእሳት አፈሉት። ጤነኛ ቢሆን ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ትንሽ ስኳር ካለበት አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲብስ ቢጫ። የእኔ አረንጓዴውንም ቢጫውንም ሮጦ አለፈና ሸክላ ጡብ መሰለ። ሥጋ ደዌ አልነበረም። የስኳር በሽታ ነው። ሰውነት የበላውን ጣፋጭ መጠቀም ያቅተውና ስኳሩ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል፣ ቁስልንም አያድንም።

«በቅርቡ ስኳር ይወስዱ ነበር?» አለኝ ሐኪሙ።

ሲስተር ዘነበች ግድግዳውን ይዛ ቁጭ አለች። በሁለት እጇ አፏን ሸፈነች። የሻዩንና የጣሳውን ነገር እኔ ነገርሁት።

ሐኪሙ እግሬ ከጉልበት በታች እንዳይቆረጥ እንደሚሰጋ ሳይደብቅ ነገረኝ። እዚህ ላይ የመጦሪያውን አንድ ደንብ ልንገራችሁ። በራሱ ተነሥቶ ሽንት ቤት መድረስ ያልቻለ ሰው ወደ ሌላ ከተማ፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎች ወደሚተኙበት ቤት ይዛወር ነበር። ሠራተኛው ትንሽ ስለሆነ እንጂ ጭካኔ አልነበረም። የሄዱትን አይተናል፤ ተመልሶ የመጣ ግን አላየንም። እግሬ ከሄደ የመስኮቱ አልጋ፣ ትሪው፣ አባ ዲጋ፣ ሁሉም ሄዱ ማለት ነው።

«ዶክተር» አልሁት፣ «የማርሽ ጥርስ ቢሰበር መኪናው ሁሉ አይጣልም።»

«ለማርሽ መለዋወጫ አለው፣ አባቴ። ለእርስዎ ከየት አመጣለሁ?»

«መለዋወጫ በሌለበት አገር ነው መካኒክ የሆንሁት። የበሰበሰውን ጥርስ ብቻ ንቀልና የቀረው ይሽከርከር።»

መርፌውና እጥበቱ እስከ ሰኞ ምን እንደሚሠራ እናያለን አለኝ። እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳለፍኋቸው አልዘረዝርም። ቀን ቀን እፎክር ነበር። ሲመሽ ብርድ ልብሱን ገልጬ፣ ያ ደንዛዛ እግር አሁንም እንዳለ በእጄ እዳብስ ነበር።

እሑድ አባ ዲጋ መጣ። ዝናብ ነበር፤ ኩታው ተጣብቆበት፣ በፋጤ ትከሻ ተደግፎ፣ ከዚያ ሁሉ መንገድ በእግሩ። ከብብቱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ደርቆ ነበር፤ እርሱ በስብሶ ወረቀቱ ግን ደርቆ ነበር። የሰኔን ራሽን አምጥቶልኝ ነው። በቤት ውስጥ የነገረው ሰው አልነበረም፤ ሲስተር ዘነበች አፏ አልታዘዝ ብሏት፣ ፋጤም እንዳልነገረችው ከዓይኗ አየሁት።

መንገሩ የእኔ ድርሻ ሆነ። ነገርሁት። በሽታው ስኳር ነው፣ የሰጣችሁኝ ሁሉ እሳት ላይ ላምባ ነበር አልሁት። እጁ አልጋውን ዳበሰና እግሬን አገኘ፤ እዚያው ተወው።

«ያ ረቢ» አለ በመጨረሻ። «ረመዳንን ሙሉ በመራራ ሻይ ያፈጠርሁት አንተን ለመግደል ነው?»

«አልሞትሁም እኮ።»

«እንግዲያው ስኳሬን መልስ!»

ፋጤ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። አጠገቤ የተኛው በሽተኛም ሳቀ። አባ ዲጋ ግን ከፈዘዙት ዓይኖቹ እንባው በጢሙ ላይ ይወርድ ነበር። «እመልስልሃለሁ» አልሁት። «ቃሌ ነው። ብሩ ያለውን ያደርጋል።» ጥቅሉን መልሶ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ሲወጡ በኮሪደሩ እያሳለ ሲሄድ ሰማሁት። የሞተር ድምፅ እንደማውቅ የእርሱንም ሳል አውቀው ነበር፤ ያ ሳል አዲስ ነበር።

ሰኞ ሐኪሙ እግሬን አገላብጦ አየና፣ «የበሰበሰውን ጥርስ ብቻ» አለ። ሁለት ጣት ተቆረጠ። እግሬ ተረፈ። ቁስሉ እስኪደርቅ ክረምቱን ሙሉ ተኛሁ። ሲስተር ዘነበች እየመጣች ስትጠይቀኝ፣ «ራሽኔን ለአባ ዲጋ ስጪልኝ» እላታለሁ። «አስቀምጬዋለሁ፣ ራስዎ ይሰጡታል» ትለኛለች። እንዴት ነው ስላት፣ «ትንሽ ጉንፋን» ትላለች። ዓይኔን ግን አታየኝም ነበር። ሐኪሙ እንዳልደነግጥ አዝዟት ነው፤ አሁን አልቀየማትም።

መስከረም ላይ በዱላ፣ በገዛ እግሬ፣ ወደ ቤት ገባሁ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ እልል አለ። ከእኔ ቀጥሎ ያለው አልጋ ፍራሹ ተጠቅልሎ ጠፍሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከላይ ጣራው ያፈስሳል፤ ጠብታው ከጠፍሩ ላይ ይወድቃል። ሲስተር ዘነበች ያጠራቀመችውን የእኔን ስኳር በጣሳ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና ወጣች።

ዛሬም በሽታው አለብኝ፤ ኪኒኔን እውጣለሁ። አይድንም፣ ይገራል እንጂ። ደህና ሰው መሆኔን ለሚጠራጠር፣ ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ልንገርና ላብቃ።

ሐኪም ሊቆርጠው ያሰበውን እግር አስቀርቻለሁ፤ በእርሱም እራመዳለሁ።

የቆየ የመኪና ስፖኪዮ በእንጨት ጫፍ አስሬ፣ ጎንበስ ሳልል የውስጥ እግሬን ማየት የሚያስችል መሣሪያ ሠርቻለሁ። በየጠዋቱ አያለሁ፤ የማይሰማኝን እግር በዓይኔ እጠብቀዋለሁ።

ከጎማ በርባሶ ቆርጬ፣ ጣት በጎደለበት በኩል ሞልቼ ሰፍቻለሁ። እንዲህ ያለ ጫማ ጅማ ውስጥ ሌላ የለም።

ሰማያዊውን ፈሳሽ ማፍላት ተምሬያለሁ፤ ሐኪሙ ራሱ አይቶ «ትክክል ነው» ብሎኛል። የቤታችንን ሰው ሁሉ ሽንት መረመርሁ፤ አንዲት አሮጊት ላይ ቢጫ ወጣ። በጊዜ ታከመች፤ አሥሩም ጣቷ አለ።

ትርንጎ ከባሏ ጋር መጥታ ነበር። ባሏን ከትሪው ላይ አጠገቤ አስቀምጬ በእጄ አጎርሼዋለሁ። አልሸሸም፤ እኔም ፍርዴን አንሥቻለሁ።

ያን የቆርቆሮ ሳህን በመቀስ ቆርጬ፣ ቀጥቅጬ፣ ከአባ ዲጋ አልጋ በላይ ያለውን የጣራ ቀዳዳ ደፍኜበታለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ አልወረደም። በዚያ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚበላ ሰውም ከዚያ ወዲህ የለም።

ፋጤ ለአባ ዲጋ ሰደቃ ባደረገች ቀን፣ ዱዓው ካለቀ በኋላ፣ ጣሳዬን ይዤ ከሰው ሰው ዞርሁ። ለእያንዳንዱ በየብርጭቆው በእጄ ጨመርሁለት፤ ጣሳው ባዶ እስኪሆን። በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ መራራ ሻይ ለራሴ ቀዳሁና፣ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ጠጣሁት።

የአባ ዲጋን ስኳር መልሻለሁ።